የጦር መርከብ ምሳ ስትጋብዝ

በዚህ ዓምድ ስለ ባሕርና ስለ መርከብ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፣ በ1963 ዓ.ም. ምፅዋ ላይ ነጭ ልብስ የለበስኩ የቀድሞው ባሕር ኃይል ባሕርተኛ ነኝ። ዛሬ ቨርጂንያ ነው የምኖረው። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፣ ምላሴ ግን ገና ደህና ነው። «ዓ.ም.» ካላልኩ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ኋላ እንዳትጣሉኝ።

በዚህ ሰሞን ከመጡት ደብዳቤዎች አራቱ አንድ ነገር ዙሪያ የሚሽከረከሩ ሆነው አገኘኋቸው። አንድ ላይ ልመልሳቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጄ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው። ባለፈው ደውሎ «እማ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ናስ ስወለውልና ቀለም ስቀባ ከረምኩ» አለኝ። ለምን ብለው፣ የአንድ ወዳጅ አገር የፓርላማ አባላት ምሳ ሊበሉ ይመጣሉ አለ። እኔ ልጄን ለአገር አገልግሎት ነው የሰጠሁት። አስተናጋጅ እንዲሆንማ ቢሆን እዚሁ ምግብ ቤታችን ይበቃው ነበር። የጦር መርከብና ምሳ ምን አገናኛቸው? — *እናት፣ ከኖርፎክ*

መልስ፦ እህቴ፣ ተናደሽ እንደጻፍሽው አውቃለሁ፤ ግን ስቄያለሁ። የዛሬ ሃምሳ ምናምን ዓመት እኔም ናስ ስወለውል እናቴ ብታየኝ ይህንኑ ትል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚኒስትር እሺ ሊል ይችላል። ነገር ግን ገንዘቡን የሚፈቅደው፣ ውሉን የሚያጸድቀው፣ የውጭ ወታደር በአገሬ ይለፍ ወይስ አይለፍ ብሎ እጅ የሚያወጣው እንደራሴው ነው። አምባሳደሩ ይህን ሰው ሆቴል አዳራሽ ቢጋብዘው፣ እንዲህ ያለውን አዳራሽ ሺህ ጊዜ አይቶታል። ሰዓቱን እያየ ሁለት ሳምቡሳ በልቶ ይሄዳል። መርከብ ግን ሌላ ነው። የራሱ ከተማ ወደብ ላይ ቆሞ፣ ደረጃዋን ሲወጣ ግን የሰው ቤት ገባ። የጦር መርከብ ላይ የሌላ አገር ፖሊስም ጉምሩክም ያለ አዛዡ ፈቃድ አይረግጥም። እንግዲህ ቤቱን ተሸክሞ ደጃፍህ ድረስ የመጣ ጎረቤት ማለት ነው። ግባ ሲልህ እንዴት እምቢ ትላለህ?

ከገቡ በኋላ ፊሽካ ይነፋል። አዛዡ ይቀበላቸዋል። መሪው ያለበትን ክፍል ያያሉ፣ ሞተር ክፍል ወርደው ላብ በላብ ይሆናሉ። ከዚያ ምሳ። እዚህ ላይ ነው የልጅሽ ቦታ። የአሜሪካ ኮንግረስ አባል መርከብ ሲጎበኝ ከእሱ ስቴት የመጡ መርከበኞች ተፈልገው አጠገቡ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ልጅሽ ትሪውን ይዞ ከአንድ እንደራሴ ጎን ቢቀመጥ፣ ዋናው ሥራ ያኔ ነው። ሰውዬው የመድፉን ርዝመት በማግስቱ ይረሳዋል። «አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ራዳሩን እንዲህ አድርጎ አስረዳኝ» የሚለውን ግን አገሩ ገብቶም ያወራዋል። አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ከኋላ ማስታወሻ እየያዘች የምትከተል ረዳት ካለች ልጅሽ እሷንም በደንብ ያስተናግዳት። የሕጉን ረቂቅ ብዙ ጊዜ የምታነበው እሷ ናት።

ይጠቅማል ወይ ብትይ፣ አንዲት አገር ወስጄ ላሳይሽ፤ ቱርክን።

የቱርኩ አምባሳደር ሙኒር ኤርቴጉን በ1944 መጨረሻ ዋሽንግተን ላይ ሞቱ። ጦርነት ስለነበረ አስከሬናቸው እዚሁ አርሊንግተን መካነ መቃብር በአደራ ተቀመጠ። ጦርነቱ ሲያበቃ አሜሪካኖቹ አስከሬኑን በተራ መርከብ አልሸኙትም። «ሚዙሪ»ን ላኩ። ጃፓን በመስከረም 1945 እጅ ሰጠሁ ብላ የፈረመችው በዚች መርከብ ላይ ነበር። ስሟ የፕሬዚዳንት ትሩማን የትውልድ ስቴት ስም ነው፤ ስሟንም ያወጣችላት ልጃቸው ማርጋሬት ናት። ሚያዝያ 5 ቀን 1946 ኢስታንቡል ዶልማባህቼ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት መልሕቋን ጣለች።

በዚያን ጊዜ ሶቪየት ኅብረት የቱርክን የባሕር መተላለፊያ በተመለከተ አገሪቱን አጥብቃ እየተጫነች ነበር። አሜሪካኖቹ «መድፍ ይዘን መጣን» አላሉም። ለቅሶ ደረሱ። እኛ ሐበሾች ይህን ለማስረዳት ፕሮፌሰር አያስፈልገንም። ለቅሶ የደረሰህን ሰው አትረሳውም፤ ለቅሶ የቀረብህንም አትረሳውም። ቱርኮቹ ለመርከቧ የመታሰቢያ ቴምብር አሳተሙ። በዓመቱ ትሩማን ኮንግረስ ፊት ቆመው ለግሪክና ለቱርክ 400 ሚሊዮን ዶላር ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። መርከቧ አመጣችው አልልም፤ የሶቪየት ፍርሃት ነው ያመጣው። ግን ቱርክ ለምትባል አገር ገንዘብ አውጡ ሲባሉ፣ አገሪቱ ለኮንግረስ ሰዎች እንግዳ ስም አልሆነችባቸውም።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ተረት ይሆን ነበር። አላቆምም።

በሐምሌ 1968 ስድስተኛው የአሜሪካ መርከብ ጓድ ኢስታንቡል ገባ። ተማሪዎች ተቃወሙ። ፖሊስ ማደሪያቸው ገብቶ ደበደባቸው። ከዚያ ወጡና ያገኟቸውን የአሜሪካ መርከበኞች ወደ ባሕር ወረወሯቸው። የት መሰለሽ? ዶልማባህቼ። «ሚዙሪ»ን በደስታ የተቀበሉበት ቦታ ላይ። እነዚያ ልጆች ነጭ ልብሳቸውን ተኩሰው፣ ልክ እንደ ልጅሽ ጫማቸውን ወልውለው ከተማ ሊያዩ የወጡ ነበሩ።

ከዚያ 2003 መጣ። አሜሪካ ኢራቅን ከሰሜን በኩል ለመውረር 62 ሺህ ወታደር በቱርክ በኩል ልታሳልፍ ፈለገች። መንግሥት ጥያቄውን ለምክር ቤት አቀረበ። ታንክና መሣሪያ የጫኑ መርከቦች ከቱርክ ደቡብ ዳርቻ ራቅ ብለው ውሃ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። መጋቢት 1 ቀን እንደራሴዎቹ ድምፅ ሰጡ። ድጋፍ 264፣ ተቃውሞ 250፣ ድምፀ ተአቅቦ 19። ድጋፉ በለጠ፤ ግን ከተገኙት ከግማሽ በላይ መሆን ነበረበትና ሦስት ድምፅ ጎደለ። ሦስት! መርከቦቹ ፊታቸውን አዙረው በስዊዝ ቦይ ወደ ኩዌት ሄዱ።

ስለዚህ እህቴ፣ ምሳው ድምፅ አይገዛም። የዚያ አገር ሕዝብ አልፈልግም ካለ ልጅሽ ናሱን ወርቅ ቢያስመስለውም እንደራሴው ወደ መራጩ ነው የሚያየው። ሦስት ድምፅ ሲጎድል ግን፣ አንድ ጊዜ አብሬው በልቻለሁ የሚል ሦስት ሰው መኖሩና አለመኖሩ ያስቆጫል። ልጅሽን ሰላም በይልኝ። ናስ በሎሚና በአመድ ይጠራል በይው፤ መኮንኑ ካልከለከለው።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ እዚህ ዌሊንግተን አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አለኝ። «እኛ የአሜሪካን የጦር መርከብ ከወደባችን የመለስን ሕዝብ ነን» እያለ ይጎርርብኛል። ወዳጅ አይደሉም እንዴ? ለአንዲት መርከብ ይህን ያህል? — *ከኒውዚላንድ*

መልስ፦ ሽማግሌው እውነቱን ነው። ቡና አፍልተህ አስወራው፤ ጥሩ ታሪክ ነው።

መርከቧ «ቡካናን» ትባላለች። ያረጀች አጥፊ መርከብ ናት፤ ሞተሯም ኑክሌር አይደለም፣ እንደማንኛዋም ነዳጅ ነው የምታቃጥለው። ችግሩ በሆዷ ምን ይዛለች የሚለው ላይ ነበር። አሜሪካኖቹ የኑክሌር መሣሪያ ይዘናል አይሉ፣ አልያዝንም አይሉ። መመሪያቸው ነው። እንግዳ ኪሱን አልፈተሽም ሲል፣ ባለቤቱ ደግሞ ያልተፈተሸ አይገባም ሲል ታየህ?

ነገሩ ግን ከመርከቧ በፊት ምክር ቤት ውስጥ ተጀምሮ ነበር። በ1984 የጠቅላይ ሚኒስትር ማልዱን ፓርቲ በጣት በሚቆጠር የወንበር ብልጫ ነበር የሚገዛው። ማሪሊን ዌሪንግ የምትባል የራሱ ፓርቲ እንደራሴ በኑክሌር ጉዳይ ከመንግሥት ጎን አልቆምም አለች። ማልዱን ተናዶ ያለጊዜው ምርጫ ጠራ፤ ተሸነፈ። ዴቪድ ላንጊ ያለ ኑክሌር አገር እናደርጋለን ብሎ ገባ። በ1985 መጀመሪያ «ቡካናን» ትግባ ሲባል አይሆንም አለ። አሜሪካ በ1986 ለኒውዚላንድ የነበራትን የመከላከያ ግዴታ አገደች። ምክር ቤቱ በ1987 ጉዳዩን ሕግ አደረገው።

እኔን የሚገርመኝ የአንዲት ሴት ወንበር ነው። አሜሪካ መርከብ ስትልክ ያቺ እንደራሴ ምን እያሰበች እንደሆነች የጠየቀ ሰው ነበር? ወደብ ከመጠየቅ በፊት ሰው መጠየቅ ይቀድማል። ባሕር ኃይል ውስጥ ይህን ጥልቀት መለካት እንለዋለን። ሳይለካ የገባ አሸዋ ላይ ይቀመጣል።

ማለቂያው ደስ ይላል። አሜሪካ ከ1991 በኋላ ከውሃ በላይ ከሚሄዱት መርከቦቿ ላይ የኑክሌር መሣሪያዎቹን አወረደች። በ2016 ኅዳር የኒውዚላንድ ባሕር ኃይል 75ኛ ዓመት ሲከበር «ሳምፕሰን» የተባለች መርከብ ተጋበዘች። የአሜሪካ የጦር መርከብ እዚያ ከረገጠ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ልትደርስ ስትል በ7.8 የሚለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ካይኩራን መታ። ለበዓል የመጣችው መርከብ ሄሊኮፕተሯን ይዛ ለእርዳታ ሄደች። ሽማግሌህ ስለዚህኛውም ይጎርር እንደሆነ ጠይቀው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባቴ «ምፅዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር የዓለም መርከብ ሁሉ ይመጣልን ነበር» ይላል። እናቴ «ያጋንናል» ትላለች። ማን ነው ልክ? — *ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ አባትህ ልክ ነው፤ እናትህም ትንሽ ልክ ናት። የዓለም ሁሉ አይደለም። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሶቪየት ግን ይመጡ ነበር። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን፣ ውጪ ባሕር ላይ የሚተያዩ ጠላቶች ምፅዋ ላይ በአንድ ወደብ ተሰልፈው ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር። ዛሬ ምፅዋ የኤርትራ ናት፣ ሌላ ታሪክ ውስጥ ናት። እኔ የማወራው ያየሁትን ነው።

ጃንሆይ ራሳቸው የመርከብ ወዳጅነትን ቀምሰውታል። የካቲት 13 ቀን 1945 ግብፅ ውስጥ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ «ኩዊንሲ» በተባለች የአሜሪካ መርከብ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን አገኙ፤ የባሕር በር ጥያቄንም አነሡ። በማግስቱ የሳዑዲው ንጉሥ ኢብን ሳዑድ እዚያችው መርከብ ላይ መጡ። ንጉሡ ወደዚያ የተጓዙበት መርከብ ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ በግ ታርዶ ነበር። ሩዝቬልት ግን ሁለት ወር ሳይሞላቸው ሞቱ። የአንድ ትልቅ ሰው ምሳ አደጋው ይኸ ነው። ሰውዬው ሲሄድ ምሳው አብሮ ይሄዳል። ፈረንጆቹ መቶ እንደራሴ የሚያበሉት ለምን እንደሆነ ያኔ ይገባሃል።

የእኛ ባንዲራ መርከብ «ኢትዮጵያ» ነበረች። 95 ሜትር ትሆናለች። አሜሪካ በ1962 ያዋሰችን ናት፤ የቀድሞ ስሟ «ኦርካ» ነው። ያን ጊዜ ባሕሬን ላይ ሆነው አካባቢውን የሚዞሩት የአሜሪካ መርከቦች፣ እነ «ቫልኩር»ና «ግሪንዊች ቤይ»፣ ከእሷ ጋር በአንድ ንድፍ የተሠሩ እህትማማቾች ነበሩ። ለሙቀቱ ሲባል ነጭ ተቀብተዋል። የምፅዋን ሙቀት የማያውቅ ሰው ይስቃል። እኛ ግን ከሰዓት በኋላ ብረቱን በእጃችን አንነካም።

እኔ በ1963 ዓ.ም. ሥራዬ ጀልባ ላይ ነበር። እንግዳ ከዳር አሳፍረን ውጪ የቆመችው መርከብ ጋ እናደርሳለን። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የወረዱ የሕዝብ እንደራሴዎች መጡብን። ከመካከላቸው አንድ የደጋ ሽማግሌ ነበሩ። ነጠላ፣ ተፈሪ ሱሪ፣ ከዘራ። ባሕር አይተው አያውቁም። ጀልባዋ ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና ላሱት። «ጨው ነው የሚሉት እውነት ነው ለካ» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

መሰላሉ ጋ ስንደርስ ማዕበል አነሣን። እኔ እጃቸውን ልይዝ ስል ከዘራቸውን መታሁት። ባሕር ገባ። ደሜ ደረቀ። ሽማግሌው ዝም ብለው አዩኝ። ከላይ አንድ ፀጉሩ ቀይ አሜሪካዊ ልጅ እየሮጠ ወረደ። ጫፉ ሜንጦ በሆነ ረጅም እንጨት ከዘራውን አወጣ፣ በሸሚዙ ጠረገና በሁለት እጁ ሰጣቸው። በሁለት እጁ! ማን አስተማረው? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ላይ ወጡ። መድፍ አሳዩአቸው፣ ራዳር አሳዩአቸው። አስተርጓሚው ይለፋል፤ እሳቸው «እህ» ይላሉ። በመጨረሻ አዛዡ ጥያቄ ካለዎት አላቸው። አላቸው። «ይህን ሁሉ ጎረምሳ እንጀራ የሚጋግርለት ማን ነው?» አሉ። አስተርጓሚው አፈረ፤ አዛዡ ግን ፊቱ በራ። ወደ ታች ወሰዳቸው፣ ወደ ዳቦ መጋገሪያው። ግማሽ ሰዓት ያህል አልወጡም። ሲመለሱ ትኩስ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ጀልባ ላይ ቆርሰው ለእኔም ሰጡኝ። «ወንድ ልጅ ሌሊት ተነሥቶ ዳቦ የሚጋግርበት አገር ቀላል አይደለም» አሉኝ።

የእኛዎቹ አለቆች ግን ይህን አልተማሩትም እላለሁ። ባሕር ኃይላችን የጃንሆይና የልጅ ልጃቸው የሪር አድሚራል ልዑል እስክንድር ደስታ ነበር። እንደራሴዎቹ ለሰልፍ ማሳመሪያ ይመጣሉ፣ ይመለሳሉ። «ኢትዮጵያ» ላይ ለእነሱ ዳቦ የጋገረ አላየሁም። ልዑሉ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ስለ መርከብ ለመከራከር የሚነሣ እንደራሴም ምክር ቤትም አልነበረም። «ኢትዮጵያ» በ1991 የመን ገብታ እዚያው ቀረች፤ ኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ሆነች። ለአባትህ ይህን አንብብለት። ለእናትህም ቀስ ብለህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኮሚኒቲ ተወካይ ሆኜ የጦር መርከብ ላይ ግብዣ ተጠርቻለሁ። የውጭ አገር የምክር ቤት አባላትም አሉ አሉኝ። ባለቤቴም ትሄዳለች። ምን እንልበስ? ውስኪ ይዤ ብሄድ ነውር ነው? — *ከሜሪላንድ*

መልስ፦ ውስኪውን ቤት ተወው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ላይ ከ1914 ጀምሮ መጠጥ ክልክል ነው፤ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠ በቀር። ድሮ ምፅዋ ላይ እኛ ይህን በደንብ እናውቅ ነበር። አይስክሬም ያማረው አሜሪካኖቹ ጋ፣ ጂን ያማረው እንግሊዞቹ ጋ ይሄዳል።

ኮትና ከረባት ይበቃሃል። ባለቤትህ ባለተረከዝ ጫማ እንዳታደርግ፤ ወለሉ አንዳንድ ቦታ ወንፊት ብረት ነው፣ ተረከዙ ገብቶ ይቀራል። የሐበሻ ቀሚስ ያምራል፤ ግን መሰላሉ ቀጥ ያለ ነውና ጫፉን ሰብሰብ ታድርገው። ስትወርዱ ፊታችሁን ወደ መሰላሉ አዙሩ። በሮቹ ከታች ከፍ ያለ ደፍ፣ ከላይ ዝቅ ያለ ጉበን አላቸው። እግርህን ስታነሣ ራስህን ዝቅ አድርግ፤ ሁለቱን አንድ ላይ። እኔ ግንባሬ ላይ ያለችው ጠባሳ ከዚያ ናት። ስትገባ ወደ ባንዲራው ዞር ብለህ ትንሽ ቆም በል። ፎቶ አታንሣ ያሉህ ቦታ አታንሣ።

ስጦታ ካልያዝኩ እጄ ይከብደኛል ካልክ ድፎ ዳቦ ይዘህ ሞክር። ጥበቃው አይገባም ብሎ ከመለሰህ ቨርጂንያ ቅርብ ነው፤ እኔ ጋ አምጣው።